በመብራት ዕቃ ውስጥ ተገፍቶ የሚገባው የሽቦ ማያያዣ ይታመናልን?

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

በቤታችን የኤሌክትሪክ መብራት ሲበራ ሁላችንም የምናስበው ስለ አምፑሉ ነው እንጂ ስለ ሽቦው አይደለም። ስለ ሽቦው የሚያስብ ሰው ቢገኝም እንኳ፣ አንዱ ሽቦ ከሌላው ጋር ስለሚገናኝበት ቦታ የሚያስበው ጥቂት ነው። ነገር ግን መብራት ሲርገበገብ፣ ሲደክም ወይም የተቃጠለ ሽታ ሲያመጣ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሽቦው ወገብ ላይ ሳይሆን በመገናኛው ላይ ነው። ምክንያቱም ሽቦው በፋብሪካ የተሠራ ወጥ መዳብ ሲሆን፣ መገናኛው ግን በሰው እጅ፣ በመሰላል ላይ ተቁሞ፣ አንዳንድ ጊዜም በችኮላ የሚሠራ ነው።

ከእኛው ከላስታ ተራሮች የሚነሣው የተከዜ ወንዝ፣ ቁመቱ 188 ሜትር በሆነ ግድብ ተገትቶ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 300 ሜጋ ዋት የሚደርስ ኃይል ለማመንጨት የሚችል ሆኗል። ከዚህና ከሌሎችም ግድቦች የሚወጣው ኃይል በታላላቅ ምሰሶዎች ተራራና ሸለቆ እያቋረጠ ይመጣል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ድካም ከቤታችን ከደረሰ በኋላ፣ የሳሎኑ መብራት መብራቱና አለመብራቱ የሚወሰነው ከጣሪያው ሥር በምትገኝ፣ ከጣት ጫፍ በማትበልጥ አንዲት መገናኛ ነው። መሥሪያ ቤቱ እስከ ቆጣሪው ያለውን ይጠብቃል፤ ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለው ግን የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ስለዚህ ነገሩ ወላጆችንም ተማሪዎችንም የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት፣ የቻልሁትን ያኽል ለመግለጥ እሞክራለሁ።

በዛሬው ጊዜ በሱቅ የሚሸጡት ብዙዎቹ የመብራት ዕቃዎች ብሎን የላቸውም። በብሎን ፈንታ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ ሠራተኛው የሽቦውን ጫፍ ልጦ ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል፤ ሽቦውም ተይዞ ይቀራል። እኔ ይህን «የግፊት ማያያዣ» እያልሁ እጠራዋለሁ። ስለዚህ ዕቃ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዳንዶቹ «በብሎን ያልጠበቀ ነገር እንዴት ይታመናል?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ብሎን ቀርቷል፤ ከዚህ የተሻለ የለም» ይላሉ። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ አላዩትም። ይህንንም ለማስረዳት በመጀመሪያ መገናኛ ምን ሥራ እንዳለበት መመልከት ያስፈልጋል።

መልካም መገናኛ ሦስት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛ፣ ጅረቱን ያለ እንቅፋት ማሳለፍ አለበት። ሁለተኛ፣ ሽቦው ቢሳብ ወይም ቢነቃነቅ እንዳይለቅ አጥብቆ መያዝ አለበት። ሦስተኛ፣ ይህንኑ ለብዙ ዓመታት፣ በሙቀትና በብርድ መፈራረቅ ሳይደክም መቀጠል አለበት። ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ለዓይን የተነካኩ ቢመስሉም፣ በእውነት የሚነካኩት በጥቂት ጥቃቅን ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። አጥብቆ የሚጫናቸው ኃይል ካለ ነጥቦቹ ይበዛሉ፤ ኃይሉ ከላላ ግን ነጥቦቹ ያንሳሉ፤ ሳይንስ «ሬዚስታንስ» የሚለው እንቅፋትም ይጨምራል። ስለዚህ የመገናኛ ነገር ሁሉ ተጠቃሎ ሲታይ የግፊት ነገር ነው ለማለት ይቻላል።

በሀገራችን ከሁሉ የተለመደው አሠራር፣ ሁለቱን ሽቦዎች በፒንሳ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ነው። ይህ አሠራር ርካሽ ነው፤ በጥሩ እጅ ከተጠመዘዘም ለጊዜው ያገለግላል። ችግሩ ግን፣ ሽቦውን ዘወትር የሚጫነው ሌላ ኃይል የለም። መዳቡ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ከጊዜ በኋላ ጥምዝዙ ይላላል። ፕላስተሩም በሙቀት ሙጫው ይለቃል፤ ያን ጊዜ ራቁቱን የቀረ ሽቦ ይገኛል።

ሁለተኛው ባለ ብሎኑ ማያያዣ ነው። ሽቦው ወደ ናስ ቱቦ ይገባና ብሎኑ በካቻቪቴ ይጠብቅበታል። ይህ መልካም ዕቃ ነው፤ ነገር ግን መልካምነቱ በሠራተኛው እጅ ይወሰናል። በጣም ካጠበቀው ሽቦውን ይቆርጠዋል ወይም ይጎዳዋል፤ ካላላው ይሞቃል። ከዚህም በላይ መዳብ ለስላሳ ስለ ሆነ፣ ብሎኑ እንደ ተጫነው ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ብሎኑም ተከትሎት አይሄድምና ይላላል።

ሦስተኛው የግፊት ማያያዣው ነው። በውስጡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ ጅረቱን የሚያሳልፍ፣ ቆርቆሮ የተቀባ የመዳብ ቁራጭ ነው፤ ሁለተኛው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሞላ ነው። ሽቦው ሲገባ ሞላውን ገፍቶ ያልፋል፤ ሞላውም ሽቦውን ከመዳቡ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ሽቦው ወደ ኋላ ቢሳብ የሞላው ጠርዝ ይበልጥ ይነክሰዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ሞላው የማያቋርጥ ኃይል ያለው መሆኑ ነው። መዳቡ ቢለጠጥም ቢሰበሰብም ሞላው ይከተለዋል፤ ብሎን ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ሞላ ያደርጋል።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በጀርመን አገር በሚንደን ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመው ዋጎ የተባለው ፋብሪካ በሞላ የሚይዝ ማያያዣ በመሥራት የታወቀ ነው። በ1977 ደግሞ ባለ ብዙ ክር ሽቦን ጭምር የሚይዝ የሞላ ዓይነት አወጣ። ዛሬ በአውሮፓ በቤትና በፋብሪካ ውስጥ የሞላ ማያያዣ የተለመደ ዕቃ ነው። እንግዲህ «ብሎን ስለሌለው አይታመንም» የሚለው አስተያየት ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም።

ፈተናውም ቀላል አይደለም። ለቤት ሶኬቶች በወጣው፣ አይ.ኢ.ሲ. 60884 በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት፣ ብሎን የሌለው ማያያዣ 192 ጊዜ ይሞቃል፣ 192 ጊዜም ይበርዳል። ግማሽ ሰዓት ጅረት ያልፍበታል፤ ግማሽ ሰዓት ደግሞ ያርፋል። በመጀመሪያ በመገናኛው ላይ የሚጠፋው ቮልት ከ15 ሚሊ ቮልት እንዳይበልጥ ታዟል። በየ24 ዙሩ እንደገና ይለካል፤ እስከ መጨረሻውም ከ22.5 ሚሊ ቮልት ወይም ከ24ኛው ዙር በኋላ ከተገኘው ልክ እጥፍ፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው እንዳያልፍ ይጠበቃል። አንድ ቤት በሳምንት ሦስት ጊዜ እንጀራ ቢጋገርበት፣ የምጣዱ ሶኬት 192 ጊዜ ሞቆ የሚበርደው በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ያኽል ውስጥ ነው። ስለዚህ ፈተናው ከኑሯችን የራቀ አይደለም።

እንዲህ ከሆነ ማያያዣው ለምን ይበላሻል? አጎቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለ ሆኑ፣ በዕረፍት ቀን መሰላል ይዤ እከተላቸዋለሁ። ከእርሳቸው እንደተማርሁትና እኔም እንዳየሁት፣ ምክንያቶቹ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ የሽቦው ዓይነት አለመስማማት። ሽቦ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ባለ አንድ ዘንግ ደረቅ ሽቦ ሲሆን ሁለተኛው ባለ ብዙ ክር ለስላሳ ሽቦ ነው። ተራው የግፊት ቀዳዳ የተሠራው ለደረቁ ሽቦ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ቢባልም፣ በዚህ ቀዳዳ ፊት ግን ክሮቹ አያብሩም፤ ግማሹ ሲገባ ግማሹ ታጥፎ ውጭ ይቀራል። ለለስላሳ ሽቦ ማንሻ ያለው ዓይነት መግዛት ይገባል፤ ማንሻው ሲነሣ ሞላው ይከፈታል፤ ሲወርድ ይይዛል።

2ኛ፤ የአላላጥ ስሕተት። በዕቃው ላይ ወይም በማሸጊያው ላይ ስንት ሚሊ ሜትር መላጥ እንደሚገባ ተጽፏል፤ ለብዙዎቹ 11 ሚሊ ሜትር ያኽል ነው። ካነሰ ሞላው የሚይዘው መዳቡን ሳይሆን የፕላስቲክ ልባሱን ይሆናል፤ ከበዛ ደግሞ ራቁት ሽቦ ውጭ ይታያል። በቢላዋ ሲላጥ መዳቡ ከተጫረ በዚያው ቦታ በኋላ ይሰበራል።

3ኛ፤ የውፍረት አለመመጣጠን። በሀገራችን ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ መጠቀም የተለመደ ነው። ማያያዣው የሚቀበለው ውፍረት በላዩ ላይ ተጽፏልና ማንበብ ያስፈልጋል። በአንድ ቀዳዳ ሁለት ሽቦ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም።

4ኛ፤ አሉሚኒየም። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣው ሽቦ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ጅረት የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ወዲያው ይይዛል፤ ስለዚህ ለመዳብ በተሠራ ማያያዣ ውስጥ መግባት የለበትም።

5ኛ፤ እርጥበትና ክብደት። ማያያዣው በደረቅ ሣጥን ውስጥ እንዲኖር የተሠራ ነው። በክረምት ቆርቆሮው የሚያፈስ ከሆነ ዝገት ያገኘዋል። እንዲሁም የመብራት ዕቃው በሽቦው ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ክብደቱን መሸከም ያለበት መንጠቆው ወይም ብሎኑ ነው።

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ጥፋቶች ሁሉ አንድ ውጤት አላቸው፤ እርሱም በመገናኛው ላይ ያለው እንቅፋት መጨመሩ ነው። ነገር ግን ይህ እንቅፋት የሚያመጣው ጉዳት ሁልጊዜ እኩል አይደለም። በፊዚክስ ትምህርት እንደምናውቀው፣ በመገናኛ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚገኘው ጅረቱ በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በእንቅፋቱ ልክ ሲባዛ ነው። እስቲ በአኃዝ እንመልከተው። ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፑል በ220 ቮልት የሚወስደው 0.04 አምፔር ያኽል ብቻ ነው። ባለ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ ግን 16 አምፔር ያኽል ይወስዳል። የተበላሸው መገናኛ እንቅፋቱ ግማሽ ኦም ነው እንበል። አምፑሉ ብቻ ሲበራ በመገናኛው ላይ የሚወጣው ሙቀት ከአንድ ሺኛ ዋት በታች ነው፤ እጅ እንኳ አይሰማውም። ምጣዱ በዚያው መገናኛ በኩል ሲሠራ ግን ሙቀቱ 128 ዋት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከጣት ጫፍ በማትበልጥ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። መገናኛው ጤነኛ ቢሆንና 15 ሚሊ ቮልት ብቻ ቢያጠፋ ኖሮ፣ በዚያው በ16 አምፔር ሙቀቱ ሩብ ዋት እንኳ ባልሞላ ነበር።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ባለፈው ክረምት ነው። ከላሊበላ ከተማ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ አንድ ቤት አጎቴን አስጠሯቸው። የቤቱ እመቤት «ወንድሜ፣ ምጣዱን ስሰካው የሳሎኑ መብራት ይደክማል፤ ደግሞም የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል» አሏቸው። አጎቴ ቆጣሪው ዘንድ ያለውን ብሬከር አጥፍተው፣ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር ካረጋገጡ በኋላ፣ የሳሎኑን የመብራት ዕቃ ፈቱት። ከቆጣሪው የመጣው ሽቦ በመብራቱ ዕቃ ትንሽ ማያያዣ ገብቶ፣ በሌላው ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ማድ ቤቱ ሶኬት ሄዷል። ሽቦው ባለ ብዙ ክር ነበር፤ ከፊሉ ክር ታጥፎ ውጭ ቀርቷል። ነጩ ፕላስቲክ እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሯል። በማያያዣው ላይ የተጻፈው 6 አምፔር ነበር። ከእርሱ በላይ አራት ጣት ያኽል ብቻ ርቆ የተወጠረው ኮርኒስ ደግሞ አቡጀዲ ነው።

እመቤቲቱ ዕቃውን አይተው «ይኸ አዲስ ነገር ነው ያጠፋኝ፤ በፊት በብሎን ነበር» አሉ። አጎቴም «እኅቴ፣ ማያያዣውስ አልበደለም፤ የአህያ ጭነት በፍየል ላይ ነው የጫኑበት» ብለው መለሱ። ከዚያም ለምጣዱ ከብሬከሩ ጀምሮ ወፍራም ሽቦ ለብቻው ዘረጉ፤ መብራቱንም በአዲስ ማያያዣ አገናኙት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ብሬከሩ ለምን አልጠፋም?» የሚል ነው። ብሬከር የሚያውቀው የጅረትን መብዛት ብቻ ነው። በተበላሸ መገናኛ በኩል የሚያልፈው ጅረት ግን አይበዛም፤ እንዲያውም ጥቂት ይቀንሳል። ስለዚህ መገናኛው ቀልጦ ኮርኒሱን እስኪያቃጥል ድረስ ብሬከሩ ሁሉ ሰላም እንደ ሆነ አድርጎ ይቀመጣል። ፊውዝም እንደዚሁ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ይልቅ የቤቱ ሰው ዓይንና አፍንጫ የተሻሉ ጠባቂዎች ናቸው።

ጉዳቱ በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም። በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ውሃ ያየ ሰው፣ ጠብታው ትንሽ ሆኖ ሳለ የድንጋይ ገንዳውን እንደሚሞላው ያውቃል። የመገናኛም ነገር እንዲሁ ነው። ጥቂት ሙቀት መዳቡን ጥቂት ያዝገዋል፤ ዝገቱ እንቅፋቱን ይጨምራል፤ እንቅፋቱ ሙቀቱን ይጨምራል፤ በመጨረሻም ሞላው ራሱ በሙቀት ጉልበቱ ይለቃል። ሞላው ከለቀቀ በኋላ ያ ማያያዣ አይጠገንም፤ መጣል አለበት።

በሌላ አገርም የታየው ነገር ይህንኑ ያረጋግጣል። በአሜሪካ በሶኬት ጀርባ ተገፍቶ የሚገባ ቀዳዳ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ቆይቷል። ነገር ግን ከባድ ዕቃ ሲሰካበትና አንዱ ሶኬት ለሌላው እያስተላለፈ ሲሄድ፣ ቀዳዳዎቹ ሲሞቁ ስለ ተገኙ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ደንቡ ጠበቀ፤ ከዚያ ወዲህ ቀዳዳው ለአንድ ቀጭን የመዳብ ደረቅ ሽቦ ብቻ የተወሰነ ሆነ። በመብራት ዕቃ ውስጥ ያለው ማያያዣ ግን የሚሸከመው የአምፑሉን ጅረት ብቻ ከሆነ ኑሮው ቀላል ነው። በተለይ ኤል ኢ ዲ ከመጣ ወዲህ ጅረቱም አንሷል፤ የድሮው ባለ ክር አምፑል ወደ ላይ ይልከው የነበረው፣ ልባስን የሚያደርቀው ሙቀትም ቀንሷል።

ሁለት ነገሮችን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። የመጀመሪያው የመሬት ሽቦ ነው። የመብራት ዕቃው ብረት ከሆነ አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የመሬት ሽቦ መገናኘት አለበት። የመሬት ሽቦ መገናኛ ቢለቅ ማንም አያውቅም፤ መብራቱ እንደ ወትሮው ይበራልና። ጉድለቱ የሚታወቀው አደጋ በደረሰ ቀን ነው። ስለዚህ ከሁሉ አብልጦ መፈተሽ የሚገባው ይህ መገናኛ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መመለሻው ሽቦ ነው። የመመለሻው መገናኛ ሲለቅ መብራቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን እስከ አምፑሉ ድረስ ያለው ሽቦ ኃይል እንደያዘ ይቀራል። መብራቱ ስለ ጠፋ ኃይል የለም ብሎ መንካት ለሞት የሚያበቃ ነገር ነው።

እንግዲህ በአርእስቱ ለቀረበው ጥያቄ መልሴ እንዲህ ነው። የግፊት ማያያዣ ለተሠራበት ሥራ ይታመናል፤ እንዲያውም በመብራት መስመር ላይ፣ ትክክለኛው ሽቦ በትክክል ተልጦ ከገባ፣ ከጥምዝዝና ከፕላስተር እጅግ ይበልጣል፤ በችኮላ ከጠበቀ ብሎንም ይሻላል። ለምጣድና ለማሞቂያ መተላለፊያ እንዲሆን ሲገደድ ግን አይታመንም፤ ጥፋቱም የማያያዣው አይደለም።

ለወላጆቻችን ሦስት ልመና አለኝ። በመጀመሪያ፣ ምጣድ ሲሰካ የሚደክም መብራት ካለ «የኃይል ማነስ ነው» ብለው አይለፉት፤ የጎረቤት መብራት ሳይደክም የእርስዎ ብቻ ከደከመ፣ ነገሩ ከቤትዎ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ለምጣድ የተለየ መስመር ያሠሩ። ሦስተኛ፣ የመብራት ዕቃ ሲገዙ አምፔሩና የሽቦው ውፍረት በማያያዣው ላይ በግልጥ የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ምንም ያልተጻፈበት ዕቃ ዋጋው ቢቀንስም አይጠቅምም።

ለክፍል ጓደኞቼ ደግሞ የምለው ይህ ነው። ሥራውን የሚሠራው የሠለጠነ ሰው ነው፤ እኛ ግን ማየትና መጠየቅ እንችላለን። ሠራተኛው ሽቦውን ካስገባ በኋላ እያንዳንዱን በየተራ ሳብ አድርጎ ይፈትነው እንደ ሆነ ተመልከቱ። ይህ ፈተና አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ መሣሪያም አይፈልግም። መምህሮቻችንም በፊዚክስ ክፍል ስለ ጅረትና ስለ እንቅፋት ሲያስተምሩ፣ አንድ የግፊት ማያያዣ ከፍተው ሞላውን ቢያሳዩን ትምህርቱ ከሰሌዳው ወርዶ ወደ ቤታችን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት በእሳት ዘመን ነው። ዛሬ እሳቱ በሽቦ ውስጥ ተሰውሮ ወደ ቤታችን ስለ ገባ፣ ምክሩ ይበልጥ ያስፈልገናል እንጂ አላረጀም።